የኮምፓስ ቀዳዳ

ጠረጴዛዬ ላይ፣ ከመስታወቱ ሥር፣ አንድ ወረቀት አለ። ከደብተር መሐል የተገነጠለ ነው፤ የማያያዣው ሽቦ የበሳቸው ቀዳዳዎች እጥፋቱ ላይ ይታያሉ። የሰጠኝ ልጅ ዘጠኝ ዓመት ቢሆነው ነው። የዘመን መለወጫ ዕለት ጠዋት፣ ጊንጪ አጠገብ፣ ከጭልሞ ደን ግርጌ ባለች መንደር በእንግድነት ያደርኩበትን ቤት በር አንኳኳ። «እንቁጣጣሽ ጋሼ!» ብሎ ወረቀቱን በሁለት እጁ ዘረጋልኝ፤ ሳንቲሙን ተቀበለ፤ ጭቃውን እየዘለለ ወደሚቀጥለው አጥር ሮጠ። እኔም ወረቀቱን አጥፌ ኮቴ ኪስ ከተትኩት። በወጉ ያየሁት አዲስ አበባ ተመልሼ ኮቱን ሳራግፍ ነው። አይ የኔ ነገር! ልጁን ጠርቼ ልጠይቀው የሚገባኝ አሥር ጥያቄ ነበረኝ።

ሥዕሉ ይህን ይመስላል። መሐሉ ላይ ስድስት ቅጠል ያላት ቢጫ አበባ አለች፤ በቅጠሎቿ መካከል ያለው ቦታ ቀይ ነው፤ ዙሪያዋን ክብ መስመር አቅፏታል። አራቱ ማዕዘን ላይ ባለጥርስ ትንንሽ ፀሐዮች ተቀምጠዋል። በስተቀኝ ክንፉን የዘረጋ መልአክ፣ በስተግራ አንዲት ወፍ። ከላይ «እንኳን አደረሳችሁ» ይላል፤ ከሥር ይኸው መልካም ምኞት በኦሮምኛ፣ በቁቤ ተጽፏል። የላይኛው ጽሑፍ «አደረሳ» ላይ ሲደርስ ወረቀቱ አልቋል። ልጁ ግን አልተጨነቀም፤ የቀሩትን ፊደላት እንደ ደረጃ ወደ ታች አውርዶ የመጨረሻዋን «ሁ» መልአኩ ክንፍ ላይ አሳረፋት።

እንዲህ ያለችውን አበባ በተማሪነቱ ያልሣለ ሰው ያለ አይመስለኝም። ኮምፓሱን በፈለጉት ስፋት ይከፍቱና ክብ ይሠራሉ። ከዚያ ሳያጠቡ ሳያሰፉ፣ ሹሉን እግር ክቡ መስመር ላይ ተክለው፣ ከክቡ ዳር ተነስቶ በመሐሉ ነጥብ በኩል ክቡ ሌላ ዳር የሚደርስ ቅስት ይስላሉ። ቅስቱ ክቡን የነካበት ቦታ የሚቀጥለው መትከያ ነው። ስድስት ጊዜ ሲረግጡት የጀመሩበት ነጥብ ላይ ይመለሳሉ፤ ራዲየሱ በክቡ ዙሪያ ልክ ስድስት እኩል እርምጃ ስለሚራመድ። ሒሳቡን የማያውቅ ልጅም አበባዋን ያውቃታል። ሜዳ ላይ ያለችው አደይ፣ የጊንጪ ሰው ኬሎ የሚላት፣ ስድስት ቅጠል እንድታወጣ ያስገደዳት የለም። ልጁ ኮምፓስ የሰጠውን ቅርጽ ተቀብሎ የአደይን ቀለም አለበሰው እንጂ አደይን እያየ አልሣለም።

ነገሩ በወሬ ሲነገር ቀላል ነው። የኮምፓሱ ማጠፊያ ለአንድ ፀጉር ስፋት ላላ ካለ ግን ስህተቱ በየእርምጃው ይደመራል፤ ስድስተኛው ላይ አበባዋ አትገጥምም። የልጁም አልገጠመችም። ወረቀቱን ወደ መስኮት አዙሬ ሳየው ከቢጫው ሥር ትርፍ የሆነ፣ ላጲስ የነካው ቅስት አገኘሁ፤ እዚያ ላይ ወረቀቱ ሳስቷል። መጀመሪያ ሊያጠፋው ሞክሯል ማለት ነው። ሲያቅተው ደግሞ ሳይገጥም የቀረው ክፍተት ላይ አንዲት ትንሽ፣ ያልፈነዳች እንቡጥ ሣለበት። ያላወቀ ሰው ሲያያት ከመጀመሪያው የታሰበች ይመስለዋል። ሸማኔ ክር ሲበጠስበት ቋጠሮውን ጥለቱ ውስጥ እንደሚሸሽገው ነው።

እኔ በልጅነቴ በዚችው አበባ ተቀጥቻለሁ። ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ የሣልኳት አልገጠመችም ተብሎ «ድገም» ተባልኩ፤ ደግሜም አልገጠመችም። አጥፍቼ አጥፍቼ ወረቀቱ ተበሳ፤ ከአሥር አራት አገኘሁ። እንቡጥ መሣል እንደሚቻል ግን አልመጣልኝም። ቢመጣልኝም አራቱን ወደ ሦስት ያወርደው ነበር ብዬ እጠረጥራለሁ።

ወደ ቀለሙ ልመለስ፤ ሥዕሉ ላይ ከሁሉ የበለጠ የወደድኩት እሱን ነው። የአበባዋ ቢጫ አንድ ቢጫ አይደለም። ሦስቱ ቅጠሎች በከለር የተቀቡ ናቸው፤ የእርሳሱ ጭረት ይታያል፣ በጣት ሲዳብሱት ሰም ሰም ይላል። ሦስቱ ግን ጭረት የላቸውም። ቀለሙ ወረቀቱ ውስጥ ሰርጓል፤ ዳር ዳሩ ላይ እንደ ሻይ እድፍ ጠቆር ብሏል፤ ከወር ወደ ወርም ወደ ቡናማ እየሄደ ነው። የአበባ ቅጠል በጣት ተፈትጎ የሚወጣ ቀለም ነው። ከለር የሚባል ነገር በየገጠሩ ሱቅ ባልነበረበት ጊዜ አረንጓዴ የሚገኘው ከቅጠል፣ ጥቁር ከከሰል፣ ቢጫ ከአደይ ነበር፤ እናቶቻችንና አባቶቻችን ይህንን ያውቁታል። ልጁ ቢጫ ከለሩ እንደማይበቃው ገብቶታል። የማይበቃ መሆኑን ካወቀ በኋላ ያደረገው ነው ድንቁ፦ ሦስቱን በተርታ ጨርሶ ቀሪዎቹን በአደይ አልሞላም። አንዱን በከለር፣ ቀጣዩን በአደይ፣ አንዱን በከለር፣ ቀጣዩን በአደይ እያፈራረቀ ዞረ። እጥረቱ ጥለት ሆነ። ይህን ለማድረግ ደግሞ ከለሩ ከማለቁ በፊት ማቀድ ያስፈልጋል፤ ቀለም በእጁ ይዞ ስድስቱን ቅጠል ለሁለት ያካፈለ ሰው ነው የሠራው።

መልአኩ ፊቱን ሙሉ ወደኛ አዙሯል፤ ዓይኖቹ የፊቱን እኩሌታ ይዘዋል። በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ጻድቅ ሁለት ዓይኑ እንዲታይ ፊት ለፊት ይሣላል፤ ሰይጣንና ክፉ ሰው ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን። ልጁ ይህን ከማን እንደተማረ አላውቅም፤ ምናልባት ከማንም አልተማረም፤ የሚወዱትን ፊት በሙሉ ማየት ለልጅ ሁሉ ተፈጥሮው ነው። ተበዳይዋ ወፊቱ ናት። ያለ ምንም ጥፋቷ በአንድ ዓይን ቀረች።

አራቱ ፀሐዮች መጀመሪያ አልገቡኝም ነበር። ጥርሳቸው በጣም እኩል ነው፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ በእጁ እንዲህ እኩል አይሠራም። ስቆጥራቸው ሃያ አንድ ሃያ አንድ ሆኑ፤ ያኔ ሳቄ መጣ። ቆርኪ ናቸው! የለስላሳና የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ቆርኪ 21 ጥርስ አለው። ገልብጦ ወረቀቱ ላይ አስቀምጦ ጥርስ በጥርስ ዙሪያውን በእርሳስ ዞሮታል። ከጊንጪ ወደ ምዕራብ የሚወስደው አስፋልት የሚያደርሰው አምቦ ነው፤ ውሃው ከ1920ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ እዚያ ይታሸጋል። በዚያ አገር ቆርኪ ያልገባበት ሥራ የለም። አንደኛ ክፍል መደመርና መቀነስ የሚማሩበት ነው፤ የሽቦ መኪና ጎማ ነው፤ ተበስቶ በሽቦ ሲሰካ ጽናጽል ነው። ጋናዊው ቀራፂ ኤል አናትሱይ የመጠጥ ጠርሙስ ክዳን በመዳብ ሽቦ እየሰፋ ግድግዳ የሚያለብስ ሥራ ሠርቶ በ2015 በአውሮፓውያን አቆጣጠር የቬኒስ ቢየናሌን የዕድሜ ዘመን ወርቃማ አንበሳ ተሸልሟል። ልጁ ስለ እሱ ሰምቷል ብዬ አልገምትም። ክዳኑን ያነሱት ግን ሁለቱም ከመሬት ነው።

በኋላ፣ በጥር ወር፣ ወደዚያው መንደር የሚወስድ ጉዳይ ገጠመኝና ትምህርት ቤቱን ለማየት ጠየቅኩ። ልጁን አገኘዋለሁ የሚል ተስፋም ነበረኝ፤ አላገኘሁትም፤ ስሙን ሳልጠይቅ በምን ላገኘው። ያገኘሁት አንዲት መምህርትና አንድ ማዳበሪያ ነው።

ማዳበሪያ ስል ከረጢቱን ማለቴ ነው፤ ገበሬው ዩሪያ የሚገዛበት ነጩ፣ ተሸምኖ የተሠራው። የሀገራችንን የመንግሥት ትምህርት ቤት የሚያውቅ ሰው ይህን ሸራ ያውቀዋል። ልብ ይሣልበታል፣ አንጀት ይሣልበታል፣ የቁጥር ሰንጠረዥ ይጻፍበታል። የመምህርቷ ማዳበሪያ ላይ ያለው የኢትዮጵያ ካርታ ነው። አሠራሩን ጠየቅኳት፤ እየሳቀች ነገረችኝ፤ ዕቃ ማጠብ እንዴት እንደሚቻል የተጠየቀች ይመስል። ከረጢቱ በስፌቱ ይተረተራል፤ በሳሙና በደንብ ይታጠባል፤ ጽሑፍ ያለበት ፊት ወደ ኋላ ይዞራል። ላይና ታቹ ላይ ቀጭን የባሕር ዛፍ እንጨት ይሰፋበታል፤ የላይኛው ለመስቀያ፣ የታችኛው ደግሞ በክብደቱ ጨርቁን ለመወጠር። ካርታው ከመማሪያ መጽሐፍ ነው የተገለበጠው። መጽሐፉ ላይ በእርሳስ አራት ማዕዘን ሠንጠረዥ ትሠራለች። ማዳበሪያው ላይ ግን መሥራት አያስፈልጋትም፤ የጨርቁ ክር ራሱ ወርድና ቁመት ሆኖ የተሸመነ ስለሆነ ክሩን እየቆጠረች ታሳድገዋለች። ፋብሪካው ለዩሪያ ብሎ የሸመነውን እሷ መለኪያ አደረገችው።

ቀርቤ አየሁት። የድንበሩ መስመር ወፍራም ነው፤ ከኋላ ወንበር እንዲታይ። ወንዞቹ ግን ሲነሱ እንደ ክር ቀጥነው፣ ሲወርዱ እየወፈሩ ይሄዳሉ፤ ይህ በብሩሽ የመጣ አይደለም፣ ጫፉ ተቀጥቅጦ የለሰለሰ እንጨት ነው የተጠቀመችው። አዋሽ የሚነሳው ከእነዚሁ ከጊንጪ ዙሪያ ከፍታዎች ነው። ከልጆቹ ደጅ ተነስቶ፣ በስምጥ ሸለቆ ዞሮ፣ አፋር በረሃ ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል፤ ባሕር አያይም። መምህርቷ መጨረሻውን ስትሥል መስመሩን እንዲሁ አልቆረጠችውም፤ እንደ ቀንድ አውጣ ቤት ጠምዝዛ አሳረፈችው። መነሻው ላይ ደግሞ ቀለም የለም። ተላጧል። ብልሽት መስሎኝ ስጠይቃት «ጣት ነው» አለችኝ። «የኛ የት ነው?» ሲሉ እያንዳንዳቸው መጥተው ይነኩታል። ከስድሳ በላይ ልጅ በየዓመቱ ሲነካው ጊንጪ ተፍቃ አለቀች። በየመስከረሙ በነጥብ ትመልሳታለች።

አንድ ነገር ግን ተሳስታለች ብዬ ነበር። ካርታውን ስትጠቀልል ሥዕሉን ወደ ውጭ አድርጋ ነው። ሰው ሁሉ እንዳይቆሽሽበት ወደ ውስጥ ያደርገዋል። «ወደ ውስጥ ሲሆን ቀለሙ ይጨማደድና ይረግፋል፤ ወደ ውጭ ሲሆን ይሳባል እንጂ አይሰበርም» አለችኝ። የዘይት ቀለም ሥዕል የሚጠብቁ የሙዚየም ባለሙያዎችም ሸራ መጠቅለል ግድ ሲሆንባቸው ቀለሙን ወደ ውጭ ያደርጋሉ፤ ይህንን ከመጽሐፍ አውቀው ነበር። እሷ ያወቀችው ሁለት ካርታ ከረገፈባት በኋላ ነው።

የዚያን ቀን ክፍለ ጊዜው የጭቃ ሥራ ነበር። ትምህርቱ ቀድሞ ሥነ ውበት ይባል ነበር፤ አሁን በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የክወናና የእይታ ጥበባት ሆኗል። ስሙ ሲረዝም ጭቃው ያው ጭቃ ነው። ጊንጪ የጥቁር አፈር አገር ናት። ዋልካ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በበጋ እርሻው ላይ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ የሚፈጥረው ይኸው ጠባዩ ነው። በዋልካ የተሠራ በሬም እንደ እርሻው ይሰነጠቃል። ልጆቹ ባለፈው ሳምንት የሠሯቸው በሬዎች መስኮቱ ላይ ተደርድረዋል፤ አብዛኞቹ አንገታቸው ላይ ተበጥሰዋል። መምህርቷ ለምን እንደተሰበሩ አልነገረቻቸውም። የተሰበሩትንና ያልተሰበሩትን ለየብቻ አስቀምጣ «እዩና ንገሩኝ» አለቻቸው። ያልተሰበሩት ሦስት ናቸው። አንዱ ውስጥ ጭድ ተገኘ። አንዱ አፈሩ ቀይ ነው። ሦስተኛውን የሠራችው ልጅ የሸክላ ሠሪ ልጅ ናት፤ እናቷ የተሰበረ ምጣድ ወቅጣ ጭቃው ውስጥ እንደምትጨምር አይታለችና እሷም ገል ፈጭታ ቀላቅላለች። የዚህች ልጅ በሬ ሻኛው ወደ አንድ ጎን ጋደል ብሏል። እውነተኛ ሻኛ እንደዚያ ነው፤ የሰባ በሬ ሲራመድ ወዲያና ወዲህ ይላል። የሌሎቹ ሁሉ ቀጥ ብሎ እንደ ቆብ ተቀምጧል። ቀንዱ ስንደዶ ነው፤ ጭቃ ሠርታ ሰብራው ታውቃለች መሰለኝ። አራቱንም እግሮች ለየብቻ አልሠራቻቸውም፤ የፊቶቹን አንድ ላይ፣ የኋላዎቹን አንድ ላይ አድርጋ መሐላቸውን በጣት ጥፍር ብቻ ለይታቸዋለች። ለዚህ ነው ሳይሰበር የቆመው።

ብዙ ቦታ የሥዕል ክፍለ ጊዜ እንዲህ አይደለም። መምህሩ ሰሌዳ ላይ ብርጭቆ ይሥላል፤ ተማሪው ይገለብጣል፤ ከብርጭቆው ጋር የተመሳሰለ አሥር ያገኛል። ወይም የፈተና ወቅት ሲቃረብ ክፍለ ጊዜው ለሒሳብ ማካካሻ ይሰጣል። ፍራንስ ቺዤክ የሚባል ኦስትሪያዊ ሠዓሊ በ1897 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ቪየና ውስጥ ለልጆች የሥዕል ክፍል ከፍቶ፣ ግልባጭን ከልክሎ፣ ልጅ የራሱን ይሥራ ሲል የዘመኑ ሰው ግራ ገብቶት ነበር። እኛም አገር ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም ከአሜሪካ ተምሮ መጥቶ የመሠረተው፣ ዛሬ በስሙ የሚጠራው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ብዙ ታላላቅ ሠዓሊዎችን አፍርቷል። ግን እዚያ የሚገባው ወጣት ነው። ነገሩ የሚጀመረው ከዚያ አሥር ዓመት ቀድሞ፣ ማዳበሪያ ከተሰቀለበት ክፍል ነው።

ምስክር ካስፈለገ ከዚያው አገር አለ። ባለቅኔው ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን አምቦ አጠገብ፣ ቦዳ የተወለደ ነው። የንጉሥ ዲዮኒስዮስንና የሁለቱን ወንድማማቾች ታሪክ በተውኔት ጽፎ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ባሉበት መድረክ ላይ ሲታይለት ገና የአምቦ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪ ነበር። ስለ ሎሬቱ ብዙ ተጽፏል፤ እኔን የሚገርመኝ ግን አንድ አስተማሪ ወይም አንድ ርዕሰ መምህር «የልጅ ሥራ ነው» ብሎ መሳቢያ ውስጥ አለመክተቱ ነው። እኔ የልጅ ሥራ ኪሴ ውስጥ ከትቼ አውቃለሁና።

አሁን አዲስ አበባ ውስጥ በዘመን መለወጫ በሬን የሚያንኳኩ ልጆች የሚሰጡኝ አብዛኛው ፎቶ ኮፒ ነው። አንድ አበባ አንድ ቦታ ተሥሎ በመቶ ይባዛል፤ አንዳንዱ ደግሞ ከሱቅ የተገዛ የታተመ ካርድ ነው። ልጆቹን አልወቅሳቸውም። እኛ ሳናይ ሳንቲም የምንሰጥ ከሆነ አንድ ሌሊት ሙሉ ኮምፓስ ይዘው የሚቀመጡበት ምክንያት የለም። ገበያውን ያበላሸነው ገዢዎቹ ነን።

ስለዚህ መስከረም 1 ጠዋት በርዎ ሲንኳኳ ሳንቲሙን ለአፍታ ይዘው ይቆዩ። ልጁን ስሙን ይጠይቁት። ከዚያ ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውን በጣትዎ ይዳብሱ፤ ኮምፓስ የተተከለበት ቦታ ሁሉ ተበስቷልና ይሻክርዎታል። ኮፒ ከሆነ ለስላሳ ነው። በእጅ የተሠራ ከሆነ ቀዳዳዎቹ ሰባት ናቸው፤ አንዱ መሐል ላይ፣ ስድስቱ ዙሪያውን። እኔ ዘንድ ያለው ስምንት አለው። ስምንተኛው ከእንቡጧ አጠገብ ነው።